ማሊያው ለማን ተሰፋ?

ስሙኝማ፤ ቡናው እስኪፈላ አንድ ወሬ ላውጋችሁ። ወሬው ስለ ልብስ ነው። የክት ልብስም የሠርግ ልብስም አይደለም፤ ኳስ ሜዳና መሮጫ ሜዳ ላይ የሚለበሰው፣ ትጥቅ የምንለው ነው። በዚህ ልብስ ምክንያት ከሜዳ የቀሩ ልጆች አሉና ነገሩን እንደ ቀላል አትስሙት።

አስቀድሜ አገሩን ላሳያችሁ። ከደሴ ተነስታችሁ የጉጉፍቱን ዳገት ስትወጡ የመኪናው መስኮት ይዘጋል፤ ጋቢ ያለው ጋቢውን ይደርባል። ለጋምቦ ገብታችሁ አቀስታን ስታልፉ ሜዳው ይሰፋል፣ በጉ ይበዛል፣ ነፋሱም አያባራም። ከዚያ ቦረና ይመጣል፤ መካነ ሰላም። ከተማዋ የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ባለ ምድር ላይ ነው። ከእርሷ ወዲያ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ያዘቀዝቃል፤ ከእርሷም ብዙ ሳይርቅ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ሰው 1,000 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዝበታል። ስለዚህ በላይኛው ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ አድሮ ቢገኝ የሚደነቅ የለም።

በዚህ አገር ካሉት የትምህርት ቤት ሜዳዎች በአንዱ ላይ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ እናቁም። ስም አላወጣላትም፤ እንደ እርሷ ያሉት ብዙ ናቸውና የሁሉም ትሁን።

የስፖርት ክፍለ ጊዜው የጠዋቱ የመጀመሪያው ነው። መምህሩ ከቢሮ የማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ይወጣል፤ የትምህርት ቤቱ ትጥቅ ያለው በእርሱ ውስጥ ነው። ማሊያው ከደሴ ወይም ከመርካቶ ባንድ ላይ ተገዝቶ የመጣ፣ ልኩም ለወንዶቹ ቡድን የታሰበ ነው። ልጅቷ ስታጠልቀው አንገቱ ወደ አንድ ትከሻዋ ይንሸራተታል። እጅጌው ክርኗን አልፎ ይንዘላዘላል፤ ክንዷን ስታነሳ ብብቱ ተከፍቶ የውስጥ ልብሷ ይታያል። ቁምጣው ደግሞ አጭር ነው። ላስቲኩ ስለረገበ በሲባጎ አስራዋለች። ጀርባዋ ላይ ያለው ቁጥር በሙቀት የተለጠፈ ፕላስቲክ ነበር፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ ከታች እየተላጠ 9 ይሁን 8 አይለይም። ጨርቁ ስስ ፖሊስተር ነው፤ ትንንሽ ቀዳዳ የሞላበት። ነፋሱ ከፊት ገብቶ በጀርባ ይወጣል።

እንግዲህ እዩአት። ፊሽካው እስኪነፋ ሁለቱንም እጆቿን ማሊያው ውስጥ ከታ ሆዷን አቅፋለች። ሲነፋ ታወጣቸዋለች፤ ግን ለሩጫ አይደለም። አንዱ እጅ የሚንሸራተተውን ሻሽ፣ ሌላው ቁምጣውን ይይዛል። ኳስ በእግር ነው የምትመታው፤ ሯጭ ግን ሚዛኑን የሚጠብቀው በክንዱ ነው። ሁለት እጇ የታሰረባት ልጅ እንዴት ትዙር፣ እንዴት ትዝለል? ኳሷ መጣች፤ ልጅቷ ሻሿን አስተካክላ ቀና ስትል ኳሷ አልፋለች።

«ነይ እንጂ! ምን ያስቆምሻል?» ይላል መምህሩ።

«በረደኝ ቲቸር።»

ሌላውን አትነግረውም። ወንድ መምህር ነው፤ ምን ብላ ትንገረው? በሳምንቱ «አሞኛል» ብላ ሜዳው ዳር ትቀመጣለች፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ የጓደኞቿን ደብተርና ሹራብ ጠባቂ ሆና ትቀራለች። ዓመቱ ሲያልቅ ሰው «የእኛ አገር ሴት ልጅ ኳስ አትወድም» ይላል። ይህ አባባል ያናድደኛል። ልጅቷ ኳሱን መች ሞከረችውና!

አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ለመሆኑ ይህ ማሊያ ከየት መጣ?

ሥሩ እንግሊዝ አገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ ተጫዋቾች የሚለብሱት ሱፍ ወይም ወፍራም ጥጥ ነበር። እጅጌው እስከ አንጓ ይደርሳል፤ ሱሪውም ጉልበት ይሸፍናል። ለዚያ አገር ጭጋግና ጭቃ የተሰፋ ልብስ ነበርና አገሩን ይመስላል። ጉድለቱ ዝናብ ሲመታው ነው፤ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ የለበሰውንም ወደ መሬት ይጎትታል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ እየሳሳ፣ እጅጌውም እያጠረ መጣ። በመጨረሻ ፖሊስተር ቦታውን ያዘው። እንግሊዞች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1970 ለዓለም ዋንጫ ወደ ሜክሲኮ ሙቀት ሲወርዱ የአገራቸውን ልብስ ትተው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀላል ጨርቅ ለብሰው ነው የሄዱት።

ሜክሲኮን ካነሳሁ የማራዶናን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1986ቱ ዓለም ዋንጫ አርጀንቲና ከኡራጓይ ጋር ስትጫወት የለበሰችው ሰማያዊው ማሊያ ወፍራም ጥጥ ነበር። ጥጡ ጠጥቶ ጠጥቶ ከበደ። ቀጣዩ ግጥሚያ ከእንግሊዝ ጋር ነው፤ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ፣ ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ። አሠልጣኙ ካርሎስ ቢላርዶ በዚህ ልብስ አንጫወትም አለ። ቀኑ ደርሷል፤ አዲስ አሠርቶ ማስመጣት አይቻልም። ከቡድኑ ሰዎች አንዱ ከተማ ወርዶ ሱቅ ለሱቅ ዞረና ቀለል ያለ ሰማያዊ ማሊያ ይዞ መጣ። ማራዶና አይቶ ወደደው። ባጁን በጥድፊያ ሰፉበት። ቁጥሩም ለአሜሪካ ፉትቦል የተሠራ የሚያብለጨልጭ ብርማ ቁጥር ነበር፤ በካውያ ተኮሱት። ሰኔ 15 ቀን 1978 ዓ.ም. ማራዶና በእጁ ያገባትንም፣ ከመሐል ሜዳ እንግሊዞቹን አንድ በአንድ እያለፈ ያገባትንም ያገባው ያንን የሱቅ ማሊያ ለብሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ለንደን ላይ ለጨረታ ሲቀርብ ከ7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ።

ይህን ያወጋኋችሁ ለወሬው ጣዕም ብቻ አይደለም። እነዚያ ሰዎች አየሩንና የተጫዋቹን ገላ አይተው «ይህ ልብስ አይሆንም» አሉ፤ በጥቂት ቀን ውስጥም መላ አበጁ። ቦረና ላይ ይህን ጥያቄ ስንቱ ጠይቋል?

የጨርቁን ጠባይ ጠጋ ብለን እንየው። ደረቅ ጨርቅ 100 ግራም ውሰዱ። ሱፍ ከአየሩ 16 ግራም ያህል እርጥበት ወደ ውስጡ ስቦ ለእጅ ደረቅ ሆኖ ይሰማል። ጥጥ 8 ግራም ገደማ ይስባል። ፖሊስተር ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ላቡ ጨርቁ ውስጥ አይገባም፤ ጨርቁ በደንብ ከተሠራ ፊቱ ላይ ተሰራጭቶ ይተናል፣ ርካሹ ከሆነ ደግሞ ቆዳ ላይ ይቀራል። ላብ ሲተን የገላን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ቆላ ላይ ይህ በረከት ነው። የለጋምቦ ነፋስ ላይ ግን ለዕረፍት የቆመች ልጅ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ከሥሩ የጥጥ ካናቴራ ብትደርብስ? ካናቴራው ላቧን ጠጥቶ እርጥብ እንደሆነ ጀርባዋ ላይ ይለጠፋል፤ እርሱም ሌላ ብርድ ነው። ለሌላ ምጣድ የተሠራ አክንባሎ እንፋሎቱን እንደማይዝ ሁሉ ለሌላ አየር የተሠራ ጨርቅም ሙቀት አይይዝም።

የደጋው እረኛ ይህን ሳያጠና ያውቀዋል። ባናውን እዩ። ከበግ ጠጉር ተፈትሎ የተሸመነ ነው፤ ካፊያ ቢመታውም በረዶ ቢወርድበትም ያሞቃል። ታዲያ ማሊያው ከባና ይሰፋ ልላችሁ አይደለም። የደጋችን በግ ጠጉር ሻካራ ነው፣ ገላ ይበላል። ባናም ሸክም ነው፤ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም። ግን እስቲ አስቡት፤ በሰለጠነው ዓለም ተጠባባቂ ተጫዋች ብርድ እንዳይመታው ወፍራም ካፖርት ደርቦ ነው አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጠው። የእኛዎቹ ተጠባባቂዎች በዚያች ስስ ማሊያ ተኮራምተው ከቆዩ በኋላ ጡንቻቸው እንደቀዘቀዘ ይገባሉ፤ ሳይሟሟቅ የሮጠ ጡንቻ ደግሞ ለጉዳት ቅርብ ነው። አግዳሚው ላይ አራት አምስት ባና ቢቀመጥ ምን ይጎድላል? ጥጡም ሱፉም ሸማኔውም በእጃችን ነው።

የአባቶቻችን ጨዋታ ልብስ እንከን የለሽ ነበር እንዳትሉኝ ደግሞ። ወረሂመኑ ከጥንት በፈረሰኛው የታወቀ አገር ነው። በጉግስ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ዘንግ እየወረወረ ያሳድዳል፤ የሚሸሸው ጀርባውን በጋሻ ይመክታል። ጋሻው ሥራውን ያውቃል። ካባው ግን ለተመልካች ዓይን እንጂ ለጋላቢው አልተሰፋም፤ ነፋስ ሲገባበት ይነፋና ጋላቢውን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ የሚወረውረውን ክንድ ይጠላልፋል። በገና ጨዋታ ደግሞ ሩሯን ለመምታት የተሰነዘረው ዱላ የባልንጀራን ቅልጥም ያገኛል፤ ቅልጥም የሚከልል አንዳች ነገር ግን አላበጀንም። ዛሬ የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ገናንም ጉግስንም ሕግ አውጥቶ ያወዳድራል። ልብሱም በዚያው ልክ ይታሰብበት።

ወደ እግር እንውረድ። ስለ እግር ሲወራ የማይታለፍ አንድ ሰው አለ፤ ሻምበል አበበ ቢቂላ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። እዚህ አገር ሰው ችቦውን ሲያዘጋጅ፣ ሮም ላይ ወታደሮች በጥንቱ የአፒያ መንገድ ዳር ችቦ ይዘው ቆመዋል። የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር ለጥፎ በባዶ እግሩ መጣ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፤ በማራቶን እስከዚያ ቀን ያልተሮጠ ፍጥነት። ሰው ይህን ሲያወራ ስለ ጀግንነቱ ያወራል፤ ይገባዋልም። እኔ ዛሬ የማነሳው ጫማውን ነው። አበበ ጫማ አጥቶ አልነበረም። ሮም ላይ የሞከረው አዲስ ጫማ እግሩን ላጠው፣ ውሃ ቋጠረበት። በባዶ እግሩም ተለማምዶ ነበርና ጫማውን ትቶ ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ጫማና ካልሲ አድርጎ ሮጠ፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ። እግሩን የማይጎዳ ጫማ ሲያገኝ ያንኑ ርቀት በሦስት ደቂቃ አሻሻለው።

በባዶ እግሩ ወይም በበረባሶ ያደገ እግር ከፊት በኩል ሰፊ ነው፤ ጣቶቹ ዘርዘር ይላሉ። ገበያ ላይ ያለው ታኬታ ግን አፍንጫው የጠበበ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ለብሶ ባደገ እግር ልክ የተቀረጸ። የቦረና ልጅ ታኬታ ሲያገኝ በደስታ ያጠልቀዋል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትንሿ ጣቱ ትቃጠላለች። ለዚህ ነው አንዳንዱ ልጅ ታኬታውን አውልቆ ሜዳ ዳር አስቀምጦ በባዶ እግሩ ሲጫወት የምታዩት። ልጁ ዕቃ አያያዝ አያውቅም ተብሎ ሲሰደብ ሰምቻለሁ። እግሩን አስተያይቶ የጠየቀው ግን አልነበረም። ሴቷስ? ለሴት እግር ተብሎ የተቀረጸ ታኬታ በዓለም ገበያም ገና ቅርብ ጊዜ ነው የመጣው፤ በእኛ ገበያማ አይታሰብም።

አሁን ወደ ልጅቷ እንመለስ፤ ትልቁ ነገር እዚያ ነው ያለው። ብርዱንና ልኩን ነግሬአችኋለሁ። ያን ሁሉ ችላ ተጫውታ ብትመረጥ እንኳ፣ ቤቷ ስትገባ ደግሞ እናቷ አለች።

«እማ፣ ለወረዳው ውድድር ተመርጫለሁ።»

«እሰይ የኔ ልጅ! ምን ለብሰሽ ነው ታዲያ?»

ልጅቷ ቁምጣውን ታሳያታለች። እናት አየት አድርጋ ዝም ትላለች፤ ከዚያ «ይህን ለብሰሽ በሰው ፊት? አይሆንም ልጄ» ትላለች። ይህች እናት ሙስሊም ትሁን ክርስቲያን አትጠይቁኝ። በወሎ አንዱ ቤት ጁምዓ ሌላው ቤት ሰንበት ያከብራል፣ አንዳንዴም ሁለቱ ያሉት በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ ነው፤ የሴት ልጅ ገላ በአደባባይ መታየት ላይ ግን ሁለቱም እናቶች አንድ ናቸው። ይህን ኋላ ቀርነት ነው ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው። እኔ አላጣጥለውም። እናትየዋ «ውድድሩ ይቅር» አላለችም። ያለችው «ይህን ልብስ አትልበሺ» ነው፤ እኛ ሌላ ልብስ ስላላቀረብንላት ሁለቱ አንድ ሆነው ቀሩ።

ይህ ጣጣ የቦረና ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ካናዳ ውስጥ አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ሂጃቧን አላወልቅም ስላለች ዳኛው ከሜዳ አስወጣት። ግንቦት 26 ቀን 2003 ዓ.ም. ደግሞ አማን ላይ፣ የኢራን ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ለኦሎምፒክ ማጣሪያ ከዮርዳኖስ ጋር ሊጫወት ሜዳ ወጥቶ ሳለ በራስ መሸፈኛቸው ምክንያት ጨዋታው ተከለከለ። ተጫዋቾቹ ሜዳው ላይ አለቀሱ፤ 3 ለ 0 በፎርፌ ተሸነፉ። ከልካዮቹ የሚያነሱት ምክንያት ደኅንነት ነበር፤ መርፌ ቁልፉ ሊወጋ፣ አንገት ላይ የተጠመጠመው ሊያንቅ ይችላል የሚል። ሥጋቱ ውሸት አልነበረም። መፍትሔው ግን ልጆቹን ማስወጣት አልነበረም፤ መርፌ ቁልፍ የሌለው፣ ሲጎተት በቀላሉ የሚላቀቅ መሸፈኛ መስፋት ነበር። የዮርዳኖሱ ልዑል አሊ ቢን አል ሁሴን ጉዳዩን ይዘው ተከራከሩ፤ የልብሱ ዐዋቂዎች ሠርተው አሳዩ፤ ለሁለት ዓመት ተሞከረ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2014 የእግር ኳስ ሕግ አውጪው ቦርድ ፈቀደ። እ.ኤ.አ. በ2023ቱ የሴቶች ዓለም ዋንጫ የሞሮኮዋ ተከላካይ ኑሃይላ ቤንዚና ሂጃብ አድርጋ ደቡብ ኮሪያን ስትገጥም ቡድኗ 1 ለ 0 አሸነፈ። የእኛዋ የአዳማ ልጅ፣ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰንም በፓሪስ ኦሎምፒክ የማራቶን ወርቋን ስትቀበል መድረኩ ላይ የቆመችው ሂጃብ ለብሳ ነው።

አሁን የምነግራችሁን በተለይ የስፖርት መምህራን ስሙኝ። የእግር ኳስ ሕግ ቁጥር 4 ስለ ትጥቅ ነው። ከማሊያው ሥር ረጅም እጅጌ መልበስ ይፈቅዳል፤ ቀለሙ ከማሊያው እጅጌ ጋር አንድ ይሁን ነው የሚለው። ከቁምጣው ሥር እግርን የሚሸፍን ታይት ይፈቅዳል፤ ቀለሙ ከቁምጣው ጋር ይመሳሰል ነው የሚለው። የራስ መሸፈኛ ይፈቅዳል፤ ጥቁር ወይም የማሊያው ቀለም ይሁን፣ ከማሊያው ጋር አይያያዝ፣ የሚንጠለጠል ነገር አይኑረው፣ ሌላውን አይጉዳ ይላል። በረኛ ቱታ ሱሪ ለብሳ ልትቆም ትችላለች። እንግዲህ ልጅቷ ከራሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተሸፍና፣ ብርዱንም የእናቷንም ቃል ጠብቃ፣ በሕጉ መሠረት መጫወት ትችላለች ማለት ነው። ሕጉ በሩን ከፍቶላታል፤ የዘጋባት ከረጢቱ ውስጥ ያለው ልብስ ነው።

ሌላም አለ፤ ሰው በግልጽ የማያወራው። ብዙ ትጥቅ ቁምጣው ነጭ ወይም ስስ ቢጫ ነው። የወር አበባዋ የመጣባት ልጅ በነጭ ቁምጣ ምን ትሁን? ሞዴስ እንኳ እንደልብ በማይገኝበት አገር፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ወደ ኋላዋ እየተገላመጠች ከምትጫወት ቤቷ መቅረትን ትመርጣለች። ይህ ጭንቀት የደሃ አገር ልጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዝ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ነጩን ቁምጣ በሰማያዊ ያስቀየረው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ከላይ እስከ ታች ነጭ ካልሆነ የማይቀበለው ዊምብልደን እንኳ በዚያው ዓመት ለሴቶች ጠቆር ያለ የውስጥ ቁምጣ ፈቀደ። የሀብታሞቹ ተጫዋቾች ተናግረው አስቀየሩ። የእኛዋ ልጅ ማን ይናገርላት?

የጡት ማስያዣውም ነገር እንዲሁ ነው። ለስፖርት ተብሎ የተሠራው የመጀመሪያው ጡት ማስያዣ እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ፣ ቨርሞንት ውስጥ ተሰፋ። ሊሳ ሊንዳል የምትባል ሴት ስትሮጥ ስላመማት ከጓደኞቿ ጋር ሆና ወንድ ስፖርተኞች ከውስጥ የሚታጠቁትን መደገፊያ ሁለቱን ገጣጥመው ሰፉት። ሦስት ሴቶች፣ መቀስና የስፌት መኪና! ትልቅ ፋብሪካ አላሰበበትም፤ ያሰበበት ሕመሙ ያለባት ሴት ናት። መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ በስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብለው የሚውሉ ልብስ ሰፊዎች አሉ፤ እነርሱስ ይህን ቢጠየቁ ያቅታቸዋል? አንዱን ልብስ ሰፊ «ጋሼ፣ ለልጆቹ አንገቱ ጠበብ ያለ፣ እጅጌው እስከ አንጓ የሚደርስ፣ ጨርቁ ጥቅጥቅ ያለ ማሊያ መስፋት ይቻላል?» ብዬ ጠይቄው ነበር። ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አውርዶ «ልካቸውን ካመጣችሁልኝ፣ አብሽር፣ እሰፋለሁ። እስካሁን ልክ ይዞ የመጣ ሰው የለም» አለኝ።

ልክ! ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ትጥቅ የሚገዛው ሰው ወደ ደሴ ሲወርድ በእጁ የገንዘቡ ልክ አለ፤ የልጆቹ ልክ ግን የለም። ሱቁም ያለውን ይሰጠዋል።

ስለዚህ ወሬዬን ጨርሼ ለእናንተ እሰጣለሁ፤ በቦረና፣ በለጋምቦ፣ በሳይንት፣ በወግዲና በከላላ የትጥቅ ገንዘብ በእጃችሁ ለሚያልፍ ርዕሳነ መምህራን፣ የወረዳ ስፖርት ባለሙያዎችና የቡድን መሪዎች። ግዢ ከመውጣታችሁ በፊት አንዲት ሴት መምህር ሜትር ይዛ ልጃገረዶቹን ለብቻቸው ትለካቸው፤ ምን እንደሚያሳፍራቸውና ምን እንደሚበርዳቸውም ትጠይቃቸው። ቁምጣው ጠቆር ያለ ይሁን። ለሴቶቹ የራሳቸው ትጥቅ ይኑር፤ ወንዶቹ አልቧቸው ያወለቁትን አይልበሱ። ረጅም እጅጌ፣ ታይትና የሚጠልቅ የራስ መሸፈኛ ከማሊያው ጋር አብሮ ይታዘዝ። ገንዘቡ ካልበቃ የሚለጠፈው ቁጥርና የሚያብለጨልጨው ጌጥ ይቅር፤ ቁጥር በጨርቅ ተቆርጦ ይሰፋል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ አለው፤ ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና የሚያስተምር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም አላት። ለደጋ አየር የሚሆን የትምህርት ቤት ማሊያ ጨርቁን መርጦ፣ ልኩን አውጥቶ ማቅረብ ለእነርሱ ከባድ ሥራ አይደለም። የሚጠይቃቸው ሰው ነው የጠፋው፤ ደብዳቤውን ዘንድሮ ጻፉላቸው።